ጆሮ ያለው ስጦታ

ቱም፣ አየርላንድ
በቅድስት ብሪጂድ በዓል ማግስት፣ ፌብሩዋሪ

ለወንድሜ ልጅ ለዊኒ፤

የአባትሽ ነፍስ ካለችበት ሆና ትጠብቅሽ፤ ልጆቹንም ክፉ ዐይን አይያቸው። እኔን ብትጠይቂ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ቀድሞኝ ከማወቁ በቀር ደኅና ነኝ። ባዝራዋም ደኅና ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ትበላለች።

ወረቀትሽ ደረሰኝ። ደረሰኝ ስልሽ ፖስተኛው እጄ ላይ ጣለልኝ፤ እኔ ደግሞ ይዤው ሄጄ ወይዘሮ ጌራቲ በር ላይ ቆምኩ። ታውቂያታለሽ፣ ከምንኖርባቸው ተጎታች ቤቶች፣ ከካራቫኖቻችን ማዶ ካሉት ቤቶች በዳር በኩል የምትኖረዋ ባሏ የሞተባት ሴትዮ። ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። እንደምናገረው ጻፊ፣ እንዳታሳምሪብኝ ብያታለሁ። እኔ ማይልስ ሞንጋን ፊደል ሳልቆጥር፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጥኩ፣ መንገድ ለመንገድ እየዞርኩ ሰባ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን በስተርጅናዬ የቤተሰቤን ጉዳይ እንደኛ በማይዞር፣ «የቤት ሰው» በምንለው መነጽር በኩል ልስማ?

ለምን ወረቀት? ስልክ አለኝ። ባልሽ ላሪ ካቻምና ለገና የሰጠኝ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው። ድምፅሽን ላኪልኝ፤ ሥዕሏን ተጭኜ እሰማሻለሁ፤ እኔም ተናግሬ እመልስልሻለሁ። ለማያነብ ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር አልተሠራም። አንቺ ግን ዘንድሮ ከገና በኋላ አንድ ጧት ሁለቱን ልጆች ይዘሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት «በሕይወት አለን፤ አይፈልጉን፤ መልስ ካለዎት ደብሊን ላለው የሴቶች መጠለያ ይጻፉ፣ እነሱ ያደርሱልኛል» የሚል ብጣሽ ብቻ ነው። ይኼ የዘመድ ነው ወይስ የቀበሌ ማስታወቂያ?

ባልሽ በየእሑዱ ይመጣል። ትንባሆ ይዞልኝ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል። የት እንዳለች አልነገረችዎትም ወይ ይለኛል። አላውቅም እለዋለሁ፤ እውነቴንም ነው። ከዚያ ስልኬን ይቀበለኝና በሸሚዙ ይወለውለዋል፣ እዚህም እዚያም ይነካካል፣ «አፍጥኜልዎታለሁ» ብሎ ይመልስልኛል። ስልክ ነጋዴ ነው፣ ያውቅበታል። ሰውየውን አልወደውም፤ ወድጄውም አላውቅ። ግን ባልሽ ነው፤ ልጆቹም ልጆቹ ናቸው። መትቶሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ክንዴ ገና አልሞተም። ካልመታሽ ደግሞ ለምን እንደሄድሽ ንገሪኝ።

የባለቤቴ የናን መቃብር ላይ አበባ አኑሬአለሁ፤ አንዷን ባንቺ ስም።

አጎትሽ ማይልስ
(ምልክቱን ያደረግሁት ራሴ ነኝ)

9 ማርች

ለተከበሩ አጎቴ ለማይልስ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎንም እግዚአብሔር ይማርልኝ። እኔና ልጆቹ ደኅና ነን። ፊሎሚና አንድ ጥርስ ነቀለች፤ ትንሹ ኦውኒ እርስዎን እየመሰለ ነው፣ ሲናደድ አገጩን ያወጣል። ደብዳቤዎ የዘገየው ዞሮ ስለሚመጣ ነው። የት እንዳለን አልጽፍልዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ላሪ መትቶኝ አያውቅም። ይህን ስል «ታዲያ ምን ጎደለሽ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሁሉም ያሉኝ እሱን ነው።

ላሪ ያውቅ ነበር። ወደ ሱቅ ብዬ ወጥቼ በእህቴ ቤት በኩል ከዞርኩ፣ ኮቴን ሳላወልቅ «እህትሽ እንዴት ናት?» ይለኛል። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ወረፋው ረዘመብሽ ወይ ይለኛል። መጀመሪያ ሰው የሚያስከትልብኝ መስሎኝ መንገድ ላይ ዞር እያልኩ አይ ነበር። ቆይቶ ዘመዶቼን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ፤ እርስዎን ሳይቀር። አንድ ቀን ለእህቴ በስልክ «ነፍሴ እንደታጠበ ጨርቅ ተጨምቃለች» አልኳት። ማታ ድንች እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ ያንኑ ቃል በራሴ አነጋገር መለሰልኝ። ፈገግ ብሎም ነበር። እኔ በዚያች ማታ ነው የሄድኩት፤ እግሬ የወጣው ግን ገና ካለፈ በኋላ ነው።

ደብሊን ያሉት ሴቶች ስልኬን ፈትሸው አሳዩኝ። የቆምኩበትን ቦታ፣ የደወልኩለትን ሰው፣ የላክሁትን ድምፅ ሁሉ ለእሱ ያደርስ ነበር። ከኪሴ ባይወጣም የእሱ አገልጋይ ነበር።

አጎቴ፣ ያን ገና ያስታውሱት። ለሁላችንም ስልክ አደለን፤ ለእርስዎ፣ ለእህቴ፣ ለአክስቶቼ። ግማሾቻችን አናነብም፣ የቀረነውም እየተንተባተብን ነው። «ስምዎን እኔ አስገባልዎታለሁ፤ የምስጢር ቁጥሩን እኔ እይዝልዎታለሁ» ሲለን መረቅነው። ያደረገልን እንጂ ያደረገብን አልመሰለንም።

ያንን ስልክ ያስወግዱት። እስከዚያው ስሜን በአጠገቡ አይጥሩ። ይህም ደብዳቤ ሲነበብልዎ ስልኩ ሌላ ቤት ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ
ዊኒ

ቱም
የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ባለፈ በሳምንቱ

ለዊኒ፤ ሰላም ላንቺና ለልጆቹ፤ ጥርሷ የወለቀባትን ደግሞ ወተት አጠጪያት።

ወይዘሮ ጌራቲ ወረቀትሽን ቀድማ ለብቻዋ ስላየችው፣ ሲነበብልኝ ስልኩ በባዝራዋ ጋጣ ውስጥ ነበር። እሷ ምስጢር ትችላለች።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ስልኩን የመጣል ነገር አይነሣ። ናን ስትሞት አባቶቼ ያደረጉትን አድርጌአለሁ። ጋሪ ቤቷን ከነአልጋዋ፣ ከነሸክላዎቿ አቃጥያለሁ፤ የሞተ ሰው ዕቃ ከተቀመጠ ነፍሱ ዞራ ዞራ ታያለችና። የጋብቻ ኮቷን ሳይቀር እሳት ላይ የጣልኩት በዚህ እጄ ነው። ድምፅዋን ግን ማን ያቃጥለዋል? ሆስፒታል ሳትገባ የላከችልኝ ድምፅ አለ። ከአሮጌው ስልክ ወደዚህኛው ያዛወረልኝም ላሪ ነው፤ በዚያ ቀን እጁን ስሜዋለሁ። የቤት ሰዎች ፎቶ ይሰቅላሉ፣ ደብዳቤ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያኖራሉ። እኔ ምን አለኝ? ያችን ድምፅ።

ግን ሞኝ አይደለሁም። ለስልክ የብረት ከረጢት አለ፣ ስልኩ ሲገባበት ከማንም ጋር አይገናኝም ብላ ወይዘሮ ጌራቲ ከጋዜጣ አንብባልኛለች። ከረጢት የሚገዛው ቆርቆሮ መቀጥቀጥ የማይችል ሰው ነው። የዳቦ ያህል ሣጥን ሠራሁ፤ ስፌቱን በየድኩት፣ ውሃ ሞልቼ አየሁት፣ ጠብ አላለም። ስልኩን ከትቼ ዘጋሁትና ወይዘሮዋን ደውዪ አልኳት። ሣጥኑ ውስጥ እንደታፈነ ዶሮ ጮኸ። ሴትዮዋ እስክትንፈራፈር ሳቀችብኝ። ሕይወቴን በሙሉ የሠራሁት ነገር ወተት አፍስሶ አያውቅም፤ ጥሪ ያፈስሳል ብሎ ማን ነገረኝ?

(እኔ ጸሐፊዋ፦ አልተንፈራፈርኩም። ትንሽ ነው የሳቅሁት።)

የሚያፈስሰው በክዳኑ ዙሪያ ነበር። አፈረስኩት። አንገቱን አርዝሜ፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ ጠልቆ ዙሪያውን ብረት ከብረት እንዲጣበቅ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ደወለች፤ ዝም። አሁንም ደወለች፤ ሰውየው ሊገኝ አልቻለም አላት። እንግዲህ ናን እኔ ዘንድ ትኖራለች፣ አንቺም ተሸፍነሻል። ላሪ እሑድ ሲመጣ ስልኩ ወድቆ ተሰበረ አልኩት። እጠግንልዎታለሁ አለኝ። እኔ ቆርቆሮ እንጂ ስልክ አልጠግንም፣ አንተም ስልክ እንጂ ልቤን አትጠግንም አልኩት። ደስ አላለውም።

ማይልስ

12 ኤፕሪል

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር በጤና ያቆይዎ፤ ለወይዘሮ ጌራቲም ሰላምታዬ ይድረስ።

መልሴ የቆየው ቤት ስለቀየርን ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ልጆች ሲወጡ ያይ ነበር። ሦስተኛውን ቀን ሳየው ልጆቹን በጓሮ በር አውጥቼ ያገኘሁት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በኋላ ሲጣራ ሰውየው የልጅ ልጁን የሚጠብቅ አያት ነው። ቢሆንም ተመልሼ መተኛት አልቻልኩም። እንግዲህ እንዲህ ሆኛለሁ፤ ስልክ የሌለው ሰው ሳይ ብቻ ነው ልቤ የሚያርፈው።

ሣጥንዎ ጥሩ ነው፤ ከእርስዎ እጅ የወጣ መጥፎ ነገር አላይም። ግን ሣጥኑ የሚያገለግለው ሲዘጋ ብቻ ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ስልኩ ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ አውቶቡስ ላይ ቢሆን አውቶቡሱን፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑን። ድምፅዋን ሊሰሙ የሚከፍቱት ካራቫንዎ ውስጥ ብቻ ይሁን። እዚያ መሆንዎን ላሪ ያውቀዋልና አዲስ ነገር አይሰማም።

አንድ ወሬ ልንገርዎ። ፊሎሚና በጁን የመጀመሪያ ቁርባኗን ትቀበላለች። ነጭ ቀሚስ ከሴቶቹ አግኝተናል፤ እንደኛ ወግ የተንዠረገገ አይደለም፣ ግን ንጹሕ ነው። ከእኛ ወገን ማን ከኋላዬ ይቆማል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አለሁ አልኳት። አንቺማ እናቴ ነሽ አለችኝ።

ይህን የምጽፈው እንዲመጡ አይደለም። እንዳይመጡ።

ዊኒ

ቱም
የቅዱስ ማርቆስ ዕለት

ዊኒ፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። የሞንጋን ልጅ ስትቆርብ ሽማግሌ ከኋላዋ ሳይቆም ቀርቶ አያውቅም። ያንቺ ጊዜ አባቴ ታሞ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የቆመው። እንደ መጤ፣ እንደ ወላጅ አልባ፣ ብቻዋን እንድትራመድ ልትተያት ነው? ላሪ የጎዳሽ ሲያሳድድሽ ነው፤ አሁን ደግሞ ሳያሳድድሽም ይጎዳሽ ጀመር። ዘመድሽን ሁሉ አስጣለሽ።

እመጣለሁ። መንገዱን ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ደብሊን ሴቶቹ በር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ያፍራሉ እንጂ እኔ አላፍርም።

ማይልስ
(ወይዘሮ ጌራቲ፦ እውነቱን ነው፤ ልብሱን አስተኩሶታል።)

14 ሜይ

ለአጎቴ ለማይልስ፤

ይምጡ። ለፊሎሚና ነግሬያት ሌሊቱን ስትዘል አደረች፤ እንግዲህ መመለሻ የለኝም።

ከቤልፋስት ወደ ስኮትላንድ የሚሻገረውን መርከብ ይያዙ። ወደቡ ላይ ሲወርዱ ወደ ኤር ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ይቆማል። ቁርባኑ የጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ በዋዜማው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ኤር ሲደርሱ ጣቢያው አጠገብ ካለው የዓሣ መጥበሻ ቤት ፊት እኔና ልጆቹ እንጠብቅዎታለን። ቤቱን አልጽፍም። ይህችን ወረቀት ወይዘሮ ጌራቲ አንዴ ያንብቡልዎና ይቅደዷት፤ እርስዎ የሰሙት አይጠፋዎትም።

ስልኩን ከነሣጥኑ ቤትዎ ይተዉት። አጎቴ፣ ይህን አንዴ ብቻ ነው የምለምንዎ።

ዊኒ

ቱም
የጁኑ የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ

ለወንድሜ ልጅ ለዊኒ፤ ለፊሎሚና፤ ለኦውኒ፤

ሰላም ብዬ ለመጀመር ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ሰላም ለናንተ ይሁን። ቁርባኑ ካለፈ ወዲህ ምን እንደምታስቢ እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። ትናንት ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። እንዳልሞትኩና ላሪ ያላችሁበትን እንደማያውቅ መጀመሪያ ልንገርሽ፤ የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ስልኩን ይዤ ነበር የመጣሁት። ሌባ ካራቫኑን ይሰብራል ብዬ ነው አልኳት ለወይዘሮ ጌራቲ። ውሸት ነው። ያለ ናን ባሕር ተሻግሬ አላውቅም። ሣጥኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ መርከቡ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕሩ ክፉ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው የጭነት መኪና ሹፌር በከረጢት ያስመልሳል፤ እኔ ሣጥኔን አቀፍኩ። የስኮትላንድ ኮረብታ በመስኮት ሲታይ፣ ደረስን፣ አንዴ ብሰማት ምን አለ አልኩ። ከፈትኩት።

ምን እንደምትል ነግሬሽ አላውቅም። ትልቅ ነገር አይደለም። «ማይልስ፣ ስትመለስ ዳቦ ያዝ። ደግሞ ከሰው ጋር ቆመህ አትቅር፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል» ነው የምትለው። ከዚያ ወዲያ ሳል አለ። በቃ።

ሳልዋ ሳያልቅ ስልኩ ጠራ። ላሪ ነው።

«አጎቴ ማይልስ፣ ባሕሩ እንዴት ይዞዎታል?»

የምን ባሕር አልኩት። መርከቡ እዚያው ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ሳቀ። ተሰበረ ያሉት ስልክ ድኖ ስለሰማሁዎ ደስ ብሎኛል አለኝ፤ ማንን ልጠይቅ እንደምሄድም ጠየቀኝ። እንግሊዝ አገር ያለው የአፕልቢ የፈረስ ገበያ በዚያ ሰሞን እንደሚከፈት ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ፤ አፌ ላይ የመጣውም እሱ ነው።

«አፕልቢ ባዝራ ልገዛ ነው።»

«እርስዎ መርከብ የሚጠሉ ሰው፣ በዚህ ዕድሜዎ ለባዝራ ብለው?»

«ባዝራዋን አላየሃትም።»

«እንግዲያው እዚያው እንገናኛለን» አለኝ።

ወረድኩ። የኤሩ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ዊኒ፣ በዚያ በር ፊት የቆምኩትን ያህል ናን ስትቀበርም አልቆምኩም። ስልኩን ባሕር ውስጥ ጥዬ ወዳንቺ ልምጣ አልኩ። ግን መጨረሻ የታየሁት እዚያ ወደብ ላይ ከሆነ፣ ላሪ እዚያው ይመጣል፤ ሹፌር ይጠይቃል፣ የትምህርት ቤት በር ይቆማል፣ የቆርቆሮ ሣጥን የታቀፈ ሽማግሌ አይታችኋል ይላል። እኔን ያየ ሰው አይረሳኝም። ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ብዘጋውም ያው ነው። ወሬኛን እዚህ ዝም አሰኝተሽ የትም አትደርሺም፤ ሩቅ ወስደሽ ነው የምታስለፈልፊው። ላስጠነቅቅሽ ደግሞ ቁጥርሽ የለኝም፤ አልሰጠሽኝም፤ ልክ ነበርሽ።

ሹፌሩ አባባ ትወጣለህ ወይስ ትቀራለህ አለኝ። እቀራለሁ አልኩት። ወደ እንግሊዝ ድንበር የሚወርደውን አውቶቡስ ጠብቄ ያዝኩ። ስልኩን ከሣጥኑ አውጥቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ እንደፈለገው ያውራ። በየመንደሩ አብሮኝ አወራ።

አፕልቢ ስደርስ ያገራችን ሰዎች ወንዙ ውስጥ ፈረስ ያጥባሉ። እንደኛ መንገደኛ የሆኑት የስቶክስ ቤተሰቦች እሳታቸው ዘንድ ቦታ ሰጡኝ፤ ሙሉ ልብስ ለብሼ ስላዩኝ ሚስት ልታገባ ነው ወይ ብለው ቀለዱብኝ። ላሪ በማግሥቱ በመኪናው መጣ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ኋላዬን ነው። ካራቫኖቹን ዞረ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሄደ፣ የእያንዳንዷን ልጅ ፊት አየ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አላለቀሰም። እሑድ እሑድ ነው የሚያለቅሰው።

ሰው በተሰበሰበበት፣ እነ ስቶክስ ሻይ ሲጠጡ፣ ስልኩን አውጥቼ ሰጠሁት። አልፈልገውም አልኩት። ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ የናን ድምፅ በዚህ ውስጥ መሆኑን አይርሱ አለኝ። ከእኔ ዘንድም ቅጂው አለ፣ በአዲስ ስልክ አስገብቼ እሰጥዎታለሁ፤ የሚነግሩኝ ከተማዋን ብቻ ነው አለ። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆስኩ። ልነግረው ያሰብኩ መስሎት፣ ተጠጋኝና በእሷው አነጋገር፣ እያቀጠነ፣ «ማይልስ፣ ስትመለስ ዳቦ ያዝ» አለኝ።

ስለተጨመቀው ጨርቅ ያልሽኝ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀትሽ ሲነበብልኝ ሰምቼው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር።

ልመታው ነበር። ክንዴ አልሞተም ያልኩሽ ግን ውሸቴን ነው፤ ብነሣ ኖሮ እወድቅ ነበር። ስለዚህ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ሚስቴ ያንን ያለችው ለእኔ ነው። አንተ የሰማኸው ሰርቀህ ነው። ስልክህን ውሰድ፤ ከእኔ የምትወስደው ይኸው ብቻ ነው።»

እሳቱ ዙሪያ የነበሩት ወደኛ ዞሩ። የስቶክሶቹ ሽማግሌ ሚስት፣ ወፍራሟ ቢዲ፣ ምን ሰረቀ ብላ ጠየቀች። ነገርኩ። ያንቺን፣ የናንን፣ ያችን ገና፣ ሁሉን። ላሪ ሳቀና ሽማግሌው ጃጅቷል አለ። ቢዲ ሻይዋን አስቀመጠች። እጇን ሽርጧ ውስጥ ከታ እሱ የሸጠላትን ስልክ አወጣችና እግሩ ሥር ሣሩ ላይ አኖረችው። ሙሽራዋ ልጇ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች። አንድ ጎረምሳ የእኔ ውድ ነው ብሎ ኪሱን ጨብጦ ቀረ፤ ሳቁበት። ላሪ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ ነው የሄደው። በአንድ ገበያ ላይ እንዲህ የተባለ ሰው በሌላው ገበያ አይሸጥም፤ ግን ሥራውን አጣ እንጂ ዐይኑን አላጣም። ይህን እወቂ።

አሁን ስልክ የለኝም። ሣጥኑን ለቢዲ ሰጠኋት፤ የስኳር ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

ልለምንሽ። ከኤር ለቅቀሽ ከሆነ የት እንደሄድሽ አትንገሪኝ። ብለምንሽም አትንገሪኝ። ባሕር ላይ አንዴ ያደረግሁትን ዳግመኛ አላደርገውም ብዬ የምምልልሽ ሰው አይደለሁም። ከፊሎሚና ኋላ ማን እንደቆመ ግን ንገሪኝ።

አጎትሽ ማይልስ

(ወይዘሮ ጌራቲ፦ ይህን ሲያስጽፈኝ ስለ ናን ያለውን ሁለት ጊዜ እንድደግምለት አደረገኝ። በትክክል ጽፌዋለሁ።)

6 ጁላይ

ለተከበሩ አጎቴ ለማይልስ፤

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። በጣም ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬንም አልደብቅዎትም። አንድ ነገር ነበር የለመንኩዎ።

ዐርብ ዕለት መጥበሻ ቤቱ ፊት ቆመን አውቶቡሶቹ እየመጡ ሄዱ። ፊሎሚና ለእያንዳንዱ ሽማግሌ እጇን ታወዛውዝ ነበር። የመጥበሻ ቤቱ ባለቤት ለልጆቹ አዝኖላቸው ድንች በወረቀት ሰጣቸው። የመጨረሻው አውቶቡስ ካለፈ በኋላ እርስዎ እንዳልዘገዩ ገባኝ። አንድም ሞተዋል፣ አንድም ላሪ አብሮዎት ነው አልኩ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ልጄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጋረጃው በተጋረደበት ክፍል ውስጥ ዋለች፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ያ ነው የጎዳኝ። ሻንጣዎቹን አዘጋጅቼ በሩ ጋ ደረደርኳቸው። ደብዳቤዎ እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ከነጫማችን ነው የተኛነው። ኦውኒ መኪና በቆመ ቁጥር ትንፋሹን መያዝ ተማረ።

ትናንት ደረሰኝ። አንዴ አነበብኩት፤ ለልጆቹም ጮክ ብዬ ደገምኩት። ቢዲ ስልኳን ሣር ላይ ያኖረችበት ጋ ኦውኒ ድገሚው አለኝ። ናን የምትለው ላይ ስደርስ እኔ ራሴ ቆምኩ፤ ስልኩን ለላሪ ሲመልሱ ምን እንዳጡ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዛሬ ጧት ለብቻዋ እንዲያቆርቧት ቄሱን ለመንኳቸው። ሕዝብ የለም፣ መዝሙርም የለም፤ ወለል የምትወለውል ሴት ብቻ ነበረች። ፊሎሚና ቆረበች። ከኋላዋ ማን ቆመ ላሉኝ፣ ቦታውን ባዶ ተውነው። እሷ ናት ሰው እንዳይገባበት ያለችው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሻንጣዎቹን ፈታሁ። ቀሚሷን መስቀያ ላይ ሰቀልኩ፣ ድስቱን ምድጃው ላይ፣ የኦውኒን መኪናዎች መስኮቱ ላይ።

የልጆቹን የክረምት ልብስ የያዘችውን ትንሿን ሻንጣ ግን አልፈታኋትም። በሩ ጋ እንዳለች ናት።

ዊኒ